የሥራ መቋደስ

ጀርመኖች ንግድ ሲቀዘቅዝና የፋብሪካ ትእዛዝ ሲጎድል አዘውትረው የሚያነሡት «ኩርዝአርባይት» የተባለ ቃል አላቸው፤ ከሁለት ቃላት የተጣመረ ሲሆን «ኩርዝ» አጭር፣ «አርባይት» ደግሞ ሥራ ማለት ነው። ነገር ግን ተርጓሚው ይህን ብቻ ይዞ «አጭር ሥራ» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው ቶሎ ተጀምሮ ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ መስሎት ያልፈዋል እንጂ የቃሉ ምሥጢር አይገለጥለትም።

ምሥጢሩም ይህ ነው። መቶ ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ ሥራው ከመቶ ሠላሳ እጅ ቢጎድልበት፣ ባለቤቱ ሠላሳውን ሰው አሰናብቶ ሰባውን በማስቀረት ፈንታ፣ መቶውም እንዳሉ ሆነው የእያንዳንዳቸው የሥራ ሰዓት በዚያው ልክ እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ለተሠራው ሰዓት ደመወዙን ራሱ ይከፍላል፤ ባልተሠራው ሰዓት ምክንያት ከሠራተኛው የተጣራ ደመወዝ ከጎደለው ውስጥ ደግሞ 60 በመቶው፣ ልጅ ላለው 67 በመቶው፣ አሠሪውና ሠራተኛው በደጉ ጊዜ ሲያዋጡ ከኖሩበት የሥራ አጥነት መድን ይተካለታል። ሐሳቡ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም፤ ጅማሬው እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ፖታሽ ማዕድን በወጣ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ዓለምን ያናወጠው የገንዘብ ቀውስ በደረሰ ጊዜ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2009 አጋማሽ ገደማ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ጀርመናውያን በዚህ ሥርዓት ተጠልለው ነበር፤ የአገሪቱ ምርት በዚያ ዓመት በ5 በመቶ ያህል ሲያሽቆለቁል የሥራ አጡ ቍጥር ግን እምብዛም ከፍ አላለም። እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በዚያው ዓመት የተጨመረው ድንጋጌ ነው፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሠራተኛውን ትምህርት ቤት ላስገባ አሠሪ፣ ስለ ሠራተኛው የከፈለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ሙሉ በሙሉ ይመለስለት ነበርና፣ የክፉው ዘመን ባዶ ሰዓት የሙያ መማሪያ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ለዚህ ነገር ምን ስም እናውጣለት? ከግእዝ ብንበደር «ሕፁፅ ሥራ» ልንል እንችላለን፤ ቃሉ ለጆሮ የከበረ፣ ለሊቃውንትም የታወቀ ነው፤ ሆኖም ሕፁፅ ጎደሎ ማለት ነውና ሠራተኛው አንዳች ነውር የተገኘበት ያስመስላል። «የሰዓት ቅናሽ» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ ይህ ግን የመርካቶ ቃል ነው፤ በሱቅ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ካልሆነ በቀር አይታየኝም። እኔ የምመርጠው «የሥራ መቋደስ» የሚለውን ነው። በመሶብ ዙሪያ ስድስት ሰው ተቀምጦ ሰባተኛ እንግዳ ቢደርስ፣ ወይም እንጀራው ከወትሮው ቢያንስ፣ ከገበታው ተነሥ የሚባል ሰው የለም፤ ሁሉም ጕርሻውን አሳንሶ ይቋደሳል። ከቅዳሴ ጋር በዘር የሚዛመደው ይህ ቃል የድርሻውን ማነስና የማኅበሩን አለመበተን ባንድነት ይይዛል፤ ጀርመንኛው የሰዓቱን ማጠር ብቻ ሲናገር አማርኛው የነገሩን ልብ ይናገራል ብል ለቋንቋዬ ያደላሁ አይመስለኝም።

መድን የሚያቆም መንግሥት በሌለበትም ባለቤቱ ራሱ ገበታውን ሊዘረጋ እንደሚችል፣ በአሜሪካ በኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ ከተማ የብየዳ መሣሪያ የሚሠራው ሊንከን ኤሌክትሪክ ያስረዳል። ይህ ድርጅት የተወሰነ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሥራ ጠፋ ተብሎ እንዳይባረር እ.ኤ.አ. በ1958 ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ክፉኛ የተፈተነው ግን በ1982 እና በ1983 ገበያው በወደቀ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰዓት ተቀነሰ፤ ሃምሳ ያህል የፋብሪካ ሠራተኞችም በፈቃዳቸው የሻጭነት ትምህርት ተምረው፣ ቱታቸውን አውልቀው፣ የመኪና መጠገኛ ጋራዦችን እየዞሩ አነስተኛውን የብየዳ መሣሪያ ይሸጡ ጀመር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገቡ። መሣሪያውን በእጁ የገጣጠመ ሰው ስለ መሣሪያው ሲናገር ጋራዡ ባያምነው ነበር የሚገርመው።

ሠራተኛን ይዞ መቆየት ለባለቤቱም ይበጃል፤ እህል በጎተራ፣ ገንዘብም በባንክ ይቀመጣል፤ የእጅ ሙያ ግን ከባለሙያው በቀር ሌላ ጎተራ የለውም። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሳለሁ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ወረቀት በመወደዱ፣ ባለቤቱ ሦስት ሰዎች ሲያሰናብት አንደኛው አንድ አረጋዊ የማተሚያ መኪና ሠራተኛ ነበሩ፤ እኒህ ሰው መዳፋቸውን በመኪናው ጎን ላይ አሳርፈው ጥቂት ዝም ይሉና «ቀለም በዝቶበታል» ይሉ ነበር፤ ወረቀቱ ሲወጣም እንዳሉት ይሆናል። ከስምንት ወር በኋላ የመማሪያ መጽሐፍ ትእዛዝ መጣ፤ በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠረው ወጣት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ፊደሉ እየተደራረበበት ብዙ ደስጣ ወረቀት አበላሸ፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ያስተማረው ሰው የለምና። ባለቤቱ አረጋዊውን ፍለጋ ሲሄድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍና ዕጣን ሲሸጡ አገኛቸው። «ጋሼ፣ ይመለሱልን» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ዓይኔም ደክሟል» ብለው ጧፋቸውን መደርደር ቀጠሉ። በእነዚያ ስምንት ወራት፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እየመጡ ወጣቱን ቢያስተምሩት ኖሮ ወጪው ከተበላሸው ወረቀት ዋጋ ባልበለጠ ነበር።

መቋደስ ግን ነቀፋ የለበትም አልልም። ሊሞት የተቃረበን ድርጅት በመድን ገንዘብ እያቆዩ ሠራተኛውን ከተሻለ ቦታ ማስቀረት አለ፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በገበታው ያልተቀመጠው ሰው ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ፋብሪካዎች ቋሚዎቹ ሲቋደሱ፣ በሠራተኛ አከራይ ድርጅቶች በኩል ለጊዜው የመጡት ሠራተኞች በብዛት ተሰናብተዋል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ ይፈቅዳል፤ የታገደ ሰው ግን በመሠረቱ ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ እገዳንና መቋደስን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ለመቋደስ የሚቀርበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ያደረገው ነው፤ መንገደኛ ሲጠፋ ከ25 ያህል አውሮፕላኖች መቀመጫ አንሥቶ ጭነት በማመላለስ ቋሚ ሠራተኞቹን ይዞ ዘልቋል፤ ምንም እንኳ ሰዓት ከመቀነስ ይልቅ ሥራውን መለወጥ ቢሆን።

ስለ አገባቡ፦ ድርጅቱ «በመቋደስ ላይ ነው» ይባላል፤ ሠራተኛው «ተቋዳሽ»፣ ሥርዓቱን የሚያቆመው አሠሪ «አቋዳሽ» ነው። «ከጥር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እንቋደሳለን፤ ሐሙስና ዓርብ የኤሌክትሪክ ትምህርት አለን» የሚል ሠራተኛ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጀርመንኛ ማወቅ አያስፈልግም።