ከሪዋቀል ጀበርት እስከ ቡሬ፦ ለኢልም የወጣ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?



ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ከሚኖሩ ወጣቶቻችን ጋር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ፣ ወሬው ብዙ ሳይቆይ ወደ እስኮላርሺፕ ይዞራል። ካይሮ፣ መዲና፣ ኢስታንቡል ይባላል። በግጭት ምክንያት ትምህርት በተቋረጠበት አካባቢ የሚኖር ልጅ ውጭ ውጭውን ቢያይ አይፈረድበትም። ግን ይህ መንገድ በኛ ዘመን የተከፈተ አይደለም። ቀደምቶቻችን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሄደውበታል። ታሪካቸው ለዛሬው ተማሪ የሚነግረው ነገር አለ።

አል-አዝሀር መስጂድ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ970 ነው። ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ» የሚባሉ ማረፊያዎች ነበሩት። የመግሪቦች፣ የሻሞች፣ የቱርኮች ሪዋቅ ነበር። ከኛ ምድር የሄዱት ደግሞ ሪዋቀል ጀበርት ነበራቸው። እያንዳንዱ ሪዋቅ የራሱ ሸይኽ ነበረው። ደጋጎች ወቅፍ ካደረጉት ንብረት በሚገኝ ገቢ ለተማሪው ዳቦ ይታደል ነበር። ዛሬ ነፃ የትምህርት ዕድል የምንለው ያኔም ነበር ማለት ነው።

ከቀይ ባሕር ወዲህ ማዶ ተነስተው ካይሮ ላይ ስማቸው የገነነ ዑለማእ ብዙ ናቸው። ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ እ.ኤ.አ. በ1305 ካይሮ ገብተው በሐነፊ ፊቅህ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ»ን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1360 ያረፉት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒም «ነስቡር ራያ» በተባለው የሐዲስ ኪታባቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። አላህ ይዘንላቸው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የአል-ጀበርቲ ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ አባት በመካና በመዲና በኩል አድርገው ካይሮ ገቡ፣ የሪዋቀል ጀበርትም ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ከፊቅህ ሌላ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው እንደጻፉት፣ በ1159 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1746) የፈረንጅ ተማሪዎች መጥተው ጂኦሜትሪ ከሳቸው ተምረዋል። መሣሪያ በስጦታ አበረከቱላቸው፣ የቀሰሙትንም ወደ አገራቸው ወስደው ሥራ ላይ አዋሉት። ልብ እንበል! ፈረንጅ ከጀበርት ዘር ሊማር ካይሮ የመጣበት ጊዜ ነበር።

ይህን ያቆዩልን ልጅ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር በዓይናቸው አይተው ጽፈዋል። ዛሬ ያንን ዘመን የሚያጠና ሁሉ የሳቸውን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም።

እዚህ ላይ ግን ደስታችን ይቀዘቅዛል። የሄዱት አባት አልተመለሱም፤ ልጆቻቸው ግብፃውያን ሆኑ። ስሙ የኛ ሆነ፣ የተጻፈው ታሪክ ግን የግብፅ። ግብፅ ዜና ጸሐፊዋን ስታገኝ፣ የጎጃም ሙስሊም ታሪክ በአብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ቀረ። ርስት ተከልክለው በንግድና በሽመና ያደሩት፣ በባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የመጣውን ቡናና ወርቅ ተቀብለው ወደ ጎንደርና ምፅዋ ያሻገሩት አባቶቻችን፣ ሕይወታቸውን ቀን በቀን የጻፈላቸው አል-ጀበርቲ አላገኙም።

ሄደው የተመለሱም አሉ። የዳወዩ ሙፍቲ ዳውድ የመን፣ ዘቢድ ድረስ ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰውም ወሎ ላይ አስተማሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለተመለሱ ነው ወሎ ራሷ የኢልም አገር የሆነችው። ደረሳው ስንቁን ይዞ፣ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየዞረ በአገሩ መማር የቻለው በነሱ ነው። የአንዱ መመለስ ለብዙዎች የቅርብ በር ከፈተ።

ይህን የምንለው የቀሩትን ለመውቀስ አይደለም። አል-ጀበርቲዎች ባሉበት ለዓለም ጠቅመዋል። የውጭ በር ሁልጊዜ ክፍት እንደማይሆን ግን ሱዳን አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነቱ ሲነሳ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ተሰደዱ። አገር ቤት የሚያስተምር ከሌለ፣ የውጭው በር የተዘጋ ዕለት መግቢያ አይኖረንም።

ስለዚህ ዕድል የምትፈልግ ወንድማችን፣ እህታችን፤ አላህ ያሳካልህ፣ ያሳካልሽ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ከመንደራችሁ ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር ተቀመጡ። መስጂዱን ማን ሠራው? የመጀመሪያው ሸይኽ ከየት መጡ? ሐጅ የሚሄዱት በየት በኩል ነበር? ጠይቁና ጻፉ፤ ስልካችሁም ይቀዳል። አል-ጀበርቲ ለካይሮ ያደረጉትን ለቡሬ ለማድረግ ቪዛ አያስፈልግም። የጠየቅናቸው ሰዎች ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አይጠብቁንም።

አላህ የሚጠቅም ኢልም ይስጠን፤ የተማርነውንም ለወገን የምናካፍል ያድርገን። አሚን።