ስለ መራራ ፍጻሜ በአማርኛ ትረካ

በአገራችን ከሚነገሩት የእንስሳት ተረቶች አንዱ፥ በክፉ ዘመን አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን እንደ ተናዘዙ ይናገራል። ከብቱንና ፍየሉን የበሉት ሁሉ ይቅር ተባሉ፤ ጥቂት ሣር የነጨችው አህያ ግን በደለኛ ተብላ ተበላች። ተረቱ በዚህ ያበቃል። ለአህያይቱ የሚፈርድላት ዳኛ ስለ ሌለ፥ ፍርዱ ለሰሚው ይቀራል።

የታተመው ልብ ወለድ ግን በሌላ መንገድ ጀመረ። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦርነትንና ምርኮን ከተረከ በኋላ በንጉሡ መጠመቅና በጋብቻ ይፈጸማል። በወጣትነታቸው በእንጦጦ ራጉኤል የቆዩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1925 ዓ. ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» የልማድንና የሥልጣኔን ክርክር በስምምነት ዘግተውታል። ሁለቱም ለቤተ መንግሥት ቅርብ ነበሩ፤ ለገዢ የሚቀርብ ምክርም በሽታውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱን ማሳየት ይገባው ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ልማድ አፈረሰ። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከጎጃም ስትመጣ፥ በዛብህም ከአዲስ አበባ፥ የእንጦጦን ተራራ ከኋላው ትቶ፥ ወደ እርስዋ ሲጓዝ ተገናኙ፤ እርሱ ግን በሽፍቶች ቆስሎ ለሞት ቀርቦ ነበር። ሽፍቶቹ የመጨረሻዎቹ በዳዮች እንጂ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራትና የበዛብህ ወላጆች ስእለት አስቀድመው ለያይተዋቸዋል። ደራሲው በሰላም አጋብተዋቸው ቢሆን ኖሮ፥ አንባቢው ከሠርጉ ደስታ ጋር ሥርዓቱንም ይቅር ባለ ነበር።

ሲኒማውም ይህንኑ ተከተለ። በ1968 ዓ. ም. ለዕይታ በበቃው በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፥ እብድ የተባለው ከበበ ባለርስቱን ገድሎ ራሱን ያጠፋል። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ. ም. ወጥቶ ሳለ እንኳ ፊልሙ በድል ደስታ አልተዘጋም። ጉዱ ካሣም ከበበም እውነቱን በመናገራቸው እንደ እብድ የተቆጠሩ ናቸው።

መራራ ፍጻሜ ሁሉ ግን ያነቃል ማለት አይደለም። ሞትን የዕድል ሥራ ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰሚውን አስለቅሶ ያስተኛዋል። ልዩነቱ በዳዩን በማሳየቱ ላይ ነው፤ የአህያይቱ ተረት ማን እንደ በላት አይሰውርም።