የቀይ ባሕር ትንንሽ ከተሞችና የደጋው መንገድ

ባሕርን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የደጋ አያቶቻችን የባሕርን ዕቃ ግን አሳምረው ያውቁ ነበር። ለማተብ የሚገመደው ሰማያዊ ሐር፣ የብርጭቆው ዕቃ፣ ለወጥ የሚሆነው ቍንዶ በርበሬ ከሕንድም ሆነ ከአውሮፓ ተጭኖ የሚደርሳቸው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ነበር። ዛሬ እነዚያን ወደቦች የሚጐበኝ መንገደኛ ነጫጭ ግድግዳቸውን፣ የተቀረጸ የእንጨት መስኮታቸውንና ጸጥ ያለ ውሃቸውን አይቶ «እንዴት ያምራሉ!» ይላል። እኛም በሥዕል ስናያቸው እንዲሁ አልን። ታሪካቸውን እየመረመርን በሄድን መጠን ግን አንድ ጥያቄ መጣብን፤ ይኸውም፥ ጥንት የነገሥታት መልእክተኛና የሲራራ ነጋዴ ይጋፋባቸው የነበሩት ከተሞች ስለ ምን አነሱ? የሚል ነው።

ስለዚህ ካርታ ዘርግተን፣ ጠረፉን ተከትለን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአምስት ከተሞች እናልፋለን። አንባቢም አብሮን እንዲጓዝ እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የምናገኛት በሱዳን ጠረፍ ያለችው ሱዋኪን ናት። ከባሕሩ ወደ ውስጥ በገባ ጠባብ ሰርጥ መጨረሻ ላይ የተቀመጠች ክብ ደሴት ስትሆን፣ ቤቶቿ ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ ነበሩ። ቱርኮች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያዟት፤ በ1865 ወደ ግብፅ እጅ ገባች። ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆች በእርሷ በኩል ይሻገሩ ነበር፤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚወጡ የአገራችን መነኮሳትም እንዲሁ በዚያው ያልፉ ነበር። ነገር ግን በእንፋሎት የሚሄዱ ታላላቅ መርከቦች በመጡ ጊዜ ያ ጠባብ ሰርጥ አላስገባቸው አለ። እንግሊዞች ከእርሷ በስተ ሰሜን ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ፖርት ሱዳንን መሥራት ጀመሩ፤ አዲሱም ወደብ በ1909 ተመረቀ። የባቡሩም ሐዲድ፣ ነጋዴውም፣ ሹሙም ወደዚያ ሄደ። የኮራል ቤት በየጊዜው ካልተለሰነ ዝናቡና ጨዋማው አየር ይበላዋል። ለሳኝ ሲጠፋ የሱዋኪን ፎቆች አንድ ባንድ ተናዱ። የፈረሰችው ጠላት ሳይተኩስባት፣ ባለቤት አጥታ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ስንወርድ በኤርትራ ጠረፍ ምጽዋን እናገኛለን። ቱርኮች በ1557፣ ግብፆች በ1860ዎቹ፣ ጣልያኖችም በየካቲት ወር 1885 ያዟት። ከተማዋ ያረፈችው በደሴቶች ላይ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእርሷ የተነገረ ይመስላል፤ ዙሪያዋን በውሃ ተከብባ ሳለ የሚጠጣው ከየብሱ በኩል፣ ከምንኩሉና ከሕርጊጎ እየተጫነ ይመጣላት ነበርና። በ1870ዎቹ የግብፅ መንግሥት ሹም የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ መንገድ በባሕሩ ላይ አስደለደለ፤ ውሃም ከምንኩሉ በቦይ አስመጣላት።

ቀጥሎ የባቡር ሐዲድ መጣ። በ1887 ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ 118 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1911 አስመራ ገባ። አሥር ዓመት ቈይቶ፣ በ1921፣ ብርቱ የምድር መናወጥ ከተማዋን አፈራረሳት። እዚህ ላይ ከሱዋኪን ጋር እናስተያያት። ሱዋኪን ምድር ሳይናወጥባት ጠፋች፤ ምጽዋ ግን ተናውጣባት እንደገና ተሠራች። ልዩነቱ መንገዱ ነው፤ የደጋው ገበያ እስከ ተያያዘላት ድረስ የወደቀ ግድግዳ የሚያነሣላት ሰው አላጣችም።

የጦርነት ጕዳት ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። በ1970ዎቹ በተነሣው ውጊያ ሐዲዱ ተነቅሎ ብረቱ ለምሽግ ዋለ። በየካቲት 1990 የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር ከተማዋን ሲይዝ ብርቱ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያም የያኔው የኢትዮጵያ መንግሥት አይሮፕላኖች በቦምብ ደበደቧት፤ ብዙ ሲቪል ሰው አለቀ፣ የቤተ መንግሥቱም ጕልላት ተሰባበረ። ኤርትራ በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹም ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌዎች፣ ተመልሰው መጥተው ሐዲዱን ከየምሽጉ እየለቀሙ አነጠፉት፤ በ2003ም ባቡሩ እንደገና አስመራ ደረሰ። በዚህ ጥናታችን ውስጥ ከዚህ ሥራ የበለጠ ያስደነቀን የለም።

ከምጽዋ በስተ ደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አዱሊስ ትገኛለች። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክኛ በጻፈው የመርከበኞች መምሪያ፣ ከአዱሊስ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ መሆኑን፣ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይም በእርሷ በኩል እንደሚወጣ ተናግሯል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሲዘምት ሠራዊቱን ያሻገረው ከዚህ ነው። በዚያው ዘመን መንገደኛው ኮስማስ በንጉሡ ትእዛዝ የአዱሊስን የድንጋይ ጽሕፈት ገልብጦልናል። ድንጋዩ ዛሬ አልተገኘም፤ ቃሉን የምናውቀው በኮስማስ ብዕር ብቻ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ግን የባሕሩ ንግድ መንገዱን ሲለውጥ አዱሊስ በአፈር ተሸፈነች።

በዚሁ በዙላ ዳር በ1868 የእንግሊዝ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ አንድ ሌላ ከተማ በድንገት በቀለ። የመርከብ ማራገፊያ ድልድይ ተሠራ፤ ሐዲድ ተነጠፈ፤ ከባሕሩ ውሃ ጨውን ለይተው የሚጠጣ የሚያወጡ መኪናዎች ተተከሉ፤ 44 ዝሆኖች ከሕንድ መጡ። በሚያዝያ ወር መቅደላ ተያዘች፤ ጦሩም በሰኔ ተሳፍሮ ሄደ፤ ሐዲዱንም ነቅሎ ወሰደ። ከዚያ ሁሉ ዝግጅት ከተማ የሚባል ነገር አልቀረም። ወደብ፣ ሐዲድ፣ ውሃ ሁሉ ነበረ፤ የጐደለው የሚሸጥና የሚገዛ ጎረቤት ነበር።

አሁን ባብ ኤል መንደብን አልፈን ወደ ጅቡቲ ጠረፍ እንግባ። በተራራና በባሕር መካከል ተጠግታ የተቀመጠችው ነጭዋ ታጁራ የአፋር ሱልጣኖች መቀመጫና የሸዋ በር ነበረች። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ እየጠበቀ፣ ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 መጸው ድረስ በታጁራ ተቀመጠ።

ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሶማሌ ጠረፍ፣ ዘይላ አለች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያያት ኢብን ባጡታ ታላቅ የገበያ ከተማ መሆንዋን መስክሮ፣ ከዓሣዋና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ሽታ የተነሣ ግን በመርከብ ላይ ማደርን እንደ መረጠ ጽፏል። የሐረር ሲራራ ሸቀጡን ሲያወርድ የኖረው ወደ እርሷ ነው። ሁለቱንም ያደከመ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ባቡር ነው። ግመል በብዙ ቀን የሚያደርሰውን ባቡር በጥቂት ቀን ሲያደርስ፣ የታጁራም የዘይላም ነጋዴ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

እንግዲህ ከዚህ ጕዞ ምን እንማራለን? የባሕር ዳር ከተማን የሚያኖራት ባሕሩ ብቻ እንዳይደለ አየን። የሚጠጣ ውሃ፣ ወደ ደጋ የሚወጣ መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ሰላም ያስፈልጋታል። ከነዚህ አንዱ ሲታጣ ጕዳቱ በባሕር ዳሩ ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ደገኛውም ጨውን፣ ልብሱንና መድኃኒቱን በውድ ይገዛል። ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በሆነው ጦርነት ድንበሩ ሲዘጋ ይህንኑ ሁለቱም ሕዝብ ቀመሰው። በመስከረም 2018 በሩ ሲከፈት ዘመድ ከዘመዱ ጋር በዕንባ ተቃቀፈ፤ የዛላምበሳ ገበያም ደመቀ። ጥቂት ወራት ቈይቶ በሩ እንደገና ተዘጋ።

እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት የምንወጣ ተማሪዎች ከመካከላችን ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን አይጠፋም። በባሕሩ ዳር የማን ሰንደቅ ዓላማ እንደሚውለበለብ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለውጦታል፤ ደገኛውና የባሕር ዳሩ ሰው እርስ በርስ መፈላለጋቸውን ግን አልለወጠውም። ስለዚህ ዕድል አግኝተን አንድ ቀን እነዚያን ነጫጭ ከተሞች ብንጐበኝ፣ የፈረሰውን ግድግዳ አይተን «ያምራል» ብለን ብቻ አንለፍ። ማን እንደ ኖረበት፣ ስለ ምን እንደ ሄደም እንጠይቅ። መንገድ የሚዘጋ ምክር በሚመከርበት ቦታ ሁሉም ሐዲዱን ከምሽግ እየለቀሙ ያነጠፉትን ሽማግሌዎች እናስታውስ።