ለንደን ጸዳች፣ ግርጌው ገማ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን 1858 ለንደንን ኃይለኛ ሙቀት መታት። ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጠው ሕዝቧ የሚያስወግደው ቆሻሻ መጨረሻው ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የቴምዝ ወንዝ ነበርና ግማቱ አላስቀምጥ አለ። ወንዙ ዳር ባለው ፓርላማ መጋረጃዎቹ በኖራና በክሎሪን ውህድ ተነከሩ፤ አልረዳም። ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው የፍሳሽ ጉዳይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕግ ወጣለት።

አስጠንቃቂ ጠፍቶ አልነበረም። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 በሶሆ ሰፈር የነበረውን የኮሌራ ሞት ከአንድ የውሃ መቅጃ ጋር አያይዞ አሳይቷል። በዓመቱ ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ በጀልባ ሲያልፍ ነጭ ወረቀት ቆራርጦ፣ እንዲሰጥም አርጥቦ፣ ወንዙ ውስጥ ጣለ። ፀሐይዋ ደምቃ ነበር፤ ቁርጥራጮቹ ግን አንድ ኢንች እንኳ ሳይወርዱ ከዓይን ተሰወሩ። ይህንኑ ለጋዜጣ ጻፈ። እንደራሴዎቹን ያነቃቸው ግን የራሳቸው አፍንጫ ነው።

ሥራው ለመሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ተሰጠ። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ፍሳሽ እየጠለፈ ወደ ምሥራቅ የሚወስድ 132 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና መስመር ከመሬት በታች በጡብ አስገነባ። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ክፉኛ የጎዳው መስመሩ ገና ያልተጠናቀቀበትን የምሥራቅ ለንደንን ክፍል ነበር። ባዛልጌት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ምስጋናው ይገባዋል።

ፍሳሹን ግን ያጣራው አልነበረም። ከከተማው በታች፣ በሰሜን ዳርቻ ባርኪንግ አጠገብ፣ በደቡብ ክሮስነስ ላይ ይጠራቀምና የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ እንዳለ ወደ ቴምዝ ይለቀቅ ነበር። መሃል ከተማው ተነፈሰ፤ ጣጣው ግርጌ ላሉት ተላለፈ።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1878 አመሻሽ ላይ ፕሪንሰስ አሊስ የተባለችው የሽርሽር መርከብ ተሳፋሪዎቿን ይዛ ወደ ለንደን ስትመለስ በዚያው አካባቢ ከአንዲት የድንጋይ ከሰል መርከብ ጋር ተጋጨች። በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች፤ ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ። ፍሳሹ የተለቀቀው ከአደጋው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የወጡት አስከሬኖች በቀላሉ በማይታጠብ ዝልግልግ ቆሻሻ ተለውሰው ነበር። ከዚህ በኋላ «የባሕሩ ውሃ ይጠርገዋል» የሚለው መከራከሪያ ሰሚ አጣ።

መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1884 ጥሬ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ መድፋት እንዲቆም አሳሰበ። ፍሳሹ ኖራና የብረት ጨው እየተጨመረበት እንዲዘቅጥ ተደረገ፤ ዝቃጩንም መርከብ እየጫነ ባሕር ላይ ይደፋው ጀመር። በ1887 ሥራ የጀመረችው የመጀመሪያዋ የዝቃጭ መርከብ ስሟ «ባዛልጌት» ነበር።

እውነተኛው መፍትሔ የመጣው ከማንቸስተር ነው። ኤድዋርድ አርደርንና ዊሊያም ሎኬት በዴቪሁልም ማጣሪያ ጣቢያ አየር እየነፉ ፍሳሹን ሲያጣሩ መጀመሪያ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። ከታች የቀረውን ዝቃጭ ግን አልደፉትም፤ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ደጋግመው ሲያደርጉት ዝቃጩ ውስጥ የተራቡት ባክቴሪያዎች እየበዙ ሄዱ፤ ሥራው በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቅ ሆነ። በ1914 ይፋ ያደረጉት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

ቴምዝ ግን ቶሎ አላገገመም። በ1957 ለንደን ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ሕይወት የሌለው ተብሎ ነበር። ማጣሪያ ጣቢያዎቹ ተስፋፍተው ከታደሱ በኋላ፣ በ1974 ሳልመን ዓሣ ተገኘበት። ዝቃጩን ባሕር ላይ መድፋት የቆመው በ1998 ነው።