የፊላዴልፊያ የሰላም ንቅናቄዎች መዛግብት

የፊላዴልፊያ የሰላም ንቅናቄዎች መዛግብት በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ግዛት፣ በፊላዴልፊያ ከተማና በአካባቢዋ ጦርነትን ሲቃወሙ የኖሩ ማኅበራት የተዉዋቸው ቃለ ጉባኤዎች፣ ደብዳቤዎች፣ በራሪ ወረቀቶች፣ ፎቶግራፎችና የሒሳብ ሰነዶች ናቸው። ከሁሉ የሚታወቀው ስብስብ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በስዋርዝሞር ኮሌጅ ተቀምጧል። ስለነዚሁ ማኅበራት የተጻፈው ሁሉ ግን በራሳቸው እጅ የተጻፈ አይደለም። ጥቂት የማይባለውን የጻፉት ሲከታተሏቸው የነበሩ የመንግሥት ሰላዮች ናቸው።

አመጣጥ

ፊላዴልፊያ እ.ኤ.አ. በ1682 በዊልያም ፔን ስትመሠረት ፔንና ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ክዌከሮች ነበሩ። ክዌከሮች መሣሪያ አንሥቶ መዋጋትን የማይቀበሉ ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ ስብሰባቸውንና ውሳኔያቸውን በጽሑፍ የመያዝ ጠንካራ ልማድ አላቸው። ከተማዋ በሰላም ንቅናቄ መዛግብት የበለጸገችው በከፊል ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1866 ሁለንተናዊ የሰላም ኅብረት የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። መሪው አልፍሬድ ላቭ የሱፍ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በጦርነቱ ወቅት ለውትድርና ሲጠራ አልዘምትም ከማለቱም በላይ በምትኩ ሌላ ሰው ለመላክ እንኳ እምቢ ብሏል። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ስትጣላ ላቭ ጦርነቱን ለማስቀረት ለስፔን ንግሥት ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ሲሰማ የተቆጡ ሰዎች ምስሉን ሠርተው አቃጠሉ፤ ማኅበሩም በነጻነት አዳራሽ ከነበረው ቢሮው ተባረረ። ከዚያ ቢሮ ቢባረርም የማኅበሩ መዛግብት ዛሬ በስዋርዝሞር ይገኛሉ።

የስዋርዝሞር የሰላም ክምችት

ክምችቱ የተጀመረው በ1930 ሲሆን፣ መነሻው ጄን አዳምስ ስለ ሰላም የሰበሰበቻቸውን መጻሕፍትና ወረቀቶች ለኮሌጁ መስጠቷ ነው። አዳምስ የዓለም አቀፍ የሴቶች የሰላምና የነጻነት ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ነበረች፤ በቀጣዩ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርታለች። ከርሷ በኋላ ሌሎች ማኅበራትም ወረቀታቸውን ያስረክቡ ጀመር።

ትልልቅ ማኅበራት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። ለሰፈር ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን ትንንሾቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ክረምት ብቻ የቆየ ኮሚቴ ቢሮ የለውም፤ ወረቀቱ የሚቀመጠው በጸሐፊው ቤት ስለሆነ ሰውዬው ቤት ሲቀይር ወይም ሲሞት ይጣላል። እንዲህ ካሉ ቡድኖች የተረፈችው አንዲት በራሪ ወረቀት ወይም በደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክት እንኳ በቡድኑ ስም ተለይታ ትቀመጣለች።

ከቬትናም ጦርነት ዘመን በ1966 በፊላዴልፊያ የተቋቋመው የክዌከር የተግባር ቡድን መዛግብት ይጠቀሳሉ። ቡድኑ በ1967 ፊኒክስ በተባለች ጀልባ መድኃኒት ጭኖ ወደ ሰሜን ቬትናም ልኳል፤ ይህም የአሜሪካን መንግሥት ክልከላ የጣሰ ነበር። በ1917 የተመሠረተውና በ1947 የኖቤል ሽልማት የተጋራው የአሜሪካ ወዳጆች የአገልግሎት ኮሚቴ ደግሞ የራሱን ቤተ መዛግብት በፊላዴልፊያ ይዟል። ጋዜጦች ሰልፎቹን እንዴት እንዳዩአቸው ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በ1982 የተዘጋውን የኢቭኒንግ ቡለቲን ጋዜጣ ፎቶግራፎችና ቁርጥራጮች በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ያገኛል።

የተከታታዮቹ መዝገብ

መጋቢት 8 ቀን 1971 (እ.ኤ.አ.) ምሽት፣ መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር በኒው ዮርክ ሲፋለሙና አገሩ ሁሉ ጆሮውን ወደዚያ ሲጥል፣ ስምንት ሰዎች ያሉበት ቡድን ለስዋርዝሞር ቅርብ በሆነችው በሚዲያ ከተማ የሚገኘውን ትንሽ የኤፍ.ቢ.አይ. ቢሮ ሰብሮ ከ1,000 በላይ ሰነዶች ወሰደ። መሪው በሃቨርፎርድ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዊልያም ዴቪዶን ነው። ቡድኑ ሰነዶቹን እየመረጠ ለጋዜጠኞችና ለምክር ቤት አባላት በፖስታ ላከ፤ ዋሽንግተን ፖስት መጋቢት 24 ቀን የመጀመሪያውን ዘገባ አወጣ።

ሰነዶቹ በፊላዴልፊያ አካባቢ የጦርነት ተቃዋሚዎችና ጥቁር ተማሪዎች ምን ያህል ይሰለሉ እንደነበር አጋለጡ። ከመረጃ ምንጮቹ አንዷ በራሱ በስዋርዝሞር ኮሌጅ የስልክ መስመር የምታገናኝ ሠራተኛ ነበረች። በአንድ ወረቀት ላይ የተገኘች «ኮይንቴልፕሮ» የምትል ያልታወቀች ቃል ደግሞ፣ ድርጅቱ ተቃዋሚዎችን ለመከፋፈልና ለማዳከም የሚያካሂደውን ምስጢራዊ ዘመቻ ስም አወጣች። አንድ ጋዜጠኛ ቃሏን ተከትሎ በፍርድ ቤት ባደረገው ክርክር የዘመቻው ሰነዶች ከ1973 ጀምሮ ይፋ ሆኑ፤ ከዚያም በ1975 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ምርመራ ተከተለ።

ለታሪክ ጸሐፊ እነዚህ የስለላ ወረቀቶች ሁለት ገጽታ አላቸው። ማኅበሩ ራሱ ያልመዘገበውን የስብሰባ ቀን፣ ቦታና የተሰብሳቢ ብዛት ሊይዙ ይችላሉ። ስለ ሰዎቹ ሐሳብ የሚሉት ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ወሬ አቀባዩ አለቃው መስማት የሚፈልገውን መጻፉ የተለመደ ነው። በመረጃ ነጻነት ሕግ የሚወጡትም ብዙ ጊዜ ስሞቻቸው በጥቁር ቀለም ተሸፍነው ነው። ማኅበራቱ ራሳቸው የያዙት የአባላት ዝርዝርም ቢሆን በተሳሳተ እጅ ከገባ ከስለላ መዝገብ ብዙ አይለይም።

ኤፍ.ቢ.አይ. የሚዲያውን ስርቆት ሲመረምር ከ33,000 ገጽ በላይ የሚሆን መዝገብ አጠራቀመ፤ አንድም ሰው ሳይከስ በ1976 ዘጋው። ከቡድኑ አባላት አብዛኞቹ ማንነታቸውን ይፋ ያደረጉት በጥር 2014 ነው። ዴቪዶን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 2013 አርፏል።