ከጉድጓድ እስከ መጋዘን፦ የድሬዳዋና የዙሪያዋ የክፉ ቀን እህል

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ሥር በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ደጋ መውጣቱን ትቶ በቆላው በኩል ሲቀጥልና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ከተማዋ የሁለቱ ጫፎች ማረፊያ ሆና ጸንታለች። በዚህ አመሠራረቷ የተነሣ ነዋሪዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚበላውን እህል ከሩቅ በሚመጣ ፉርጎና ከደጋ በግመልና በአህያ በሚወርድ ጭነት ሲጠብቅ፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ደግሞ ትርፉን ከእግሩ ሥር ቀብሮ ኖሯል። የባቡሩ ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል፤ የጉድጓዱ ታሪክ ግን ባለ ሐውልት ስላልሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ እምብዛም አይነሣም።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን የሚያኖርበት ጉድጓድ፣ በኦሮምኛ ቦላ፣ አፉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ሆኖ ሆዱ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ በቅርጹ ገንቦ የሚመስል ነው። ቦታው ውኃ የማያቋጥርበት ደረቅ መሬት መሆን አለበት፤ ግድግዳውና ወለሉ በጭድ ወይም በአገዳ ይለበሳል፣ አንዳንዴም እበት ይለቀለቃል፤ በፀሐይ በሚገባ የደረቀው እህል ከተሞላ በኋላም አፉ በእንጨትና በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ በጭቃና በአፈር ይደፈናል። ይዞታው ከጥቂት ኩንታል አንሥቶ እንደ ባለቤቱ አቅም ወደ ብዙ አሥር ኩንታል ይደርሳል፤ በደንብ የተደፈነ ጉድጓድም ማሽላን ከአንድ ዓመት አልፎ ለበርካታ ዓመታት ያቆያል።

የአሠራሩ ምሥጢር አየር ማሳጣት ነው። እህልም ሆነ በውስጡ ያለ ነቀዝ የሚተነፍስ በመሆኑ በተዘጋው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀስ በቀስ እያለቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካዋል፣ ነቀዙም ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። ይህ አየር የሚነሣ አቀማመጥ ኋላቀር ልማድ እየተባለ የሚታለፍበት ጊዜ ቢኖርም፣ ዘመናዊ የእህል ማከማቻ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት መርሕ ከዚህ የተለየ አይደለም። ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ከግድግዳው የሚሰርገው እርጥበት በዳር በኩል ያለውን እህል ያሻግታል፣ የተረፈውም የጉድጓድ ጠረን ይይዛል፣ የመብቀል ኃይሉም ይዳከማል። በዚህ ምክንያት ለዘር የተመረጠው ዛላ ጉድጓድ ሳይገባ ከማድቤት ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ጢስ እየጠጣ ይከርማል። ነቀዙን የገደለው መታፈን ሰውንም የሚገድል በመሆኑ አዲስ የተከፈተ ጉድጓድ ሳይናፈስ አይገባበትም።

እህልን ከመሬት በታች ማኖር ከነቀዝ ብቻ ሳይሆን ከእሳትና ከሰው ዓይንም ይከላከላል። የዘመተ ወታደር ከደረሰበት ባላገር ጎተራ ይቀለብ በነበረበት ዘመን፣ ከደጅ ቆሞ የሚታይ ጎተራ ባለቤቱን የሚያስመታ ምልክት ሲሆን፣ በላዩ አፈር የተመለሰበት ጉድጓድ ግን ባለቤቱ ካላሳየ በቀር አይገኝም። ይሁን እንጂ ጉድጓድ የሚያሻግረው አንድ ወይም ሁለት መጥፎ ዓመት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታ፣ ድርቅና አንበጣ ተደራርበው ሀገሪቱን በመቱበት፣ «ክፉ ቀን» የሚለው ስም መጠሪያው ሆኖ በቀረው ረኀብ፣ መከሩ ደጋግሞ ሲታጣ የሚቀበር ትርፍም አልነበረም።

በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በከዚራም ሆነ በመጋላ ሰፈር ያለ ቤተሰብ ጉድጓድ የሚቆፍርበት ጓሮም ሆነ የሚቀብረው መከር ስለሌለው ከቀፊራ ገበያ በየጊዜው እየሸመተ፣ የሚያቆየውን በማድረቅ ያቆይ ነበር። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮና ቋንጣ የደገኛው ስንቅ ሲሆኑ፣ ሶማሌው ደግሞ በትንንሹ የተከተፈ ሥጋ አድርቆና ጠብሶ በቅቤ የሚደፍንበት ሙቅማድ አለው፤ ቅቤው ሥጋውን ከአየር የሚለይበት መንገድ፣ በመጠን ቢያንስም፣ የጉድጓዱ ብልሃት ራሱ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በገፋበት ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ሐዲድ ለወራት ሲቋረጥ፣ በነሐሴም ከተማዋ ራሷ ስትጠቃ፣ በሐዲድ የቆመ ከተማ የቤት ስንቁ ስንት ቀን እንደሚያዘልቀው የሚጠይቅበት ምክንያት በገሃድ ታየ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች በሞቱበትና በሺዎች የሚቆጠሩ በተፈናቀሉበት ጎርፍ ደግሞ መንገድ ሳይቆረጥም ስንቅ እንደሚጠፋ ታየ፤ ወለል ላይ የተደረደረ ጆንያ ውኃ ሲገባው የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነውና።

መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1982 የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዋስትና መጠባበቂያ ክምችት አቋቁሞ በሀገሪቱ የተለያዩ ከተሞች መጋዘኖች ሲኖሩት ድሬዳዋም አንዷ ሆናለች። ክምችቱ ሲሠራ የኖረው እንደ ጎረቤት ብድር ነው፤ ረጂ ድርጅቶች መርከብ እስኪደርስ ከመጋዘኑ እህል ይበደሩና ቆይተው በዓይነት ይተኩ ነበር። የእርዳታ ልክ ሆኖ የቆየው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። በዚህ ስሌት አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለስድስት ወር የሚያስፈልገው እህል አራት ኩንታል ተኩል ስለሚሆን፣ አንድ መጠነኛ ጉድጓድ ይህን ሳይቸገር ይይዘዋል።

ችግሩ ዛሬ የጉድጓዱ ስፋት ሳይሆን የሚገባበት እህል ነው። ጫት የማሽላውን ማሳ እየወሰደ ሲመጣ ገበሬው ራሱ እህል ሸማች ሆኗል፤ መጠባበቂያው ብር በመሆኑም ድርቅ ሲመጣ የእህሉ ዋጋ ብሩን ቀድሞ ይሮጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሰራጨው፣ በውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ያለውና አፉ ተጠምዝዞ የሚታሰር ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የጉድጓዱን መርሕ ወደ ቤት ውስጥ አስገብቶታል። ጉድጓድ አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባው እህሉ በሙሉ መውጣት ወይም እንደገና መደፈን ሲኖርበት፣ ከረጢቱ ግን አንዱ ሲበላ ሌላው እንደ ታሰረ ይቆያል፣ ደቻቱ ሲሞላም ተሸክሞ ወደ ከፍታ ሊወጣ ይችላል፤ አይጥ አንዴ ከበሳው ግን ከተራ ጆንያ አይለይም።