ሙከራው ወደ ሕመምተኛው ሲሄድ፦ የአሜሪካ የካንሰር ምርምርና የአካባቢ ሐኪሞች



የሕክምና ታሪክ ስናጠና ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በታላላቅ ሆስፒታሎች ላይ ነው። ዛሬ ስለ አሜሪካ የካንሰር ምርምር ስናገር ግን ከአካባቢ ሐኪሞች እነሣለሁ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብሔራዊውን የካንሰር ሕግ ሲፈርሙ ለምርምሩ ብዙ ገንዘብ ተመደበ። ይሁንና አዳዲስ ሕክምናዎች በብዛት የሚሞከሩት በዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ነበር፤ አብዛኛው ሕመምተኛ ደግሞ የሚታከመው በሚኖርበት አካባቢ ነው። በሙከራ ለመሳተፍ የሚሻ ሰው ሥራውንና ቤተሰቡን ትቶ ሩቅ መጓዝ ሊኖርበት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ገጽታ ነው፦ መጓዝ በሚችሉት ብቻ የተፈተነ መድኃኒት ለቀሩት እንደሚሠራ በምን እናውቃለን?

ብሔራዊው የካንሰር ኢንስቲትዩት በ1983 የማኅበረሰብ ክሊኒካዊ ኦንኮሎጂ መርሐ ግብርን አቋቋመ። የአካባቢ ሐኪሞች ተደራጅተው ከትላልቅ የምርምር ቡድኖች ጋር ተሳሰሩ፤ በአንድ የጥናት መመሪያም ሕመምተኞችን መዘገቡ። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ዋና ባለቤቶች የምርምር ነርሶችና የመረጃ መዝጋቢዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ሲያይ የሚውል ሐኪም የፈቃድ ቅጽ የሚያስረዳበት፣ የመድኃኒቱን ጎጂ ጎን የሚመዘግብበት፣ ታካሚውን ለዓመታት የሚከታተልበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ድጎማው ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ለመቅጠር አስቻለ።

አሠራሩ ከታገዘባቸው ጥናቶች አንዱ በ1992 የተጀመረው የጡት ካንሰር መከላከያ ሙከራ ነው። ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ፣ ገና ያልታመሙ 13,388 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ታሞክሲፈን ወይም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ወሰዱ። ጤነኛ ሰው ለዓመታት እንክብል እንዲውጥ ማሳመን፣ በሽተኛን ከማሳመን እጅግ የከበደ ነው። በ1998 ይፋ የሆነው ውጤት መድኃኒቱ የጡት ካንሰርን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳየ፤ የማኅፀን ካንሰርና የደም መርጋት አደጋን ግን ጨምሯል።

ተሳታፊዎቹ በአመዛኙ ነጮች ነበሩ። ኢንስቲትዩቱ አናሳ ማኅበረሰቦችን ለሚያገለግሉ ተቋማት ልዩ መርሐ ግብር የከፈተው በ1990 ነው፤ ይህም ብቻውን አልበቃም። በአላባማዋ ተስኬጊ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ፈዋሽ መድኃኒት እያለ ተነፍገው እስከ 1972 ድረስ «ተጠንተዋል»። ይህን እየሰማ ላደገ ሰው ክሊኒኩ ከደጁ ቢከፈትለትም ጥርጣሬው አይለቀውም። በ2014 መርሐ ግብሩ እንደ አዲስ ሲዋቀር፣ ከመድኃኒቱ ሌላ የሕክምናው አሰጣጥና ማን ምን እንደሚያገኝ ጭምር የምርምር ጥያቄ ሆኖ ገባ።